ሁለቱ አንሶላዎች

የፈረንጅ ገና ሲቃረብ እኛ ሰፈር፣ ለንደን ኬኒንግተን፣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ጥድ ይደረደራል። በመረብ ተጠቅልሎ፣ እንደተዘጋ ጃንጥላ ግድግዳውን ተደግፎ። ሰው ሁሉ ሽታውን ሳብ አድርጎ ገና ደረሰ ይላል። እኔን የሚሸተኝ ነሐሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ወተት ልገዛ ሄጄ አንዱን ቅርንጫፍ በጣቴ ጨመቅ አድርጌ አፍንጫዬን ስደፋበት ሻጩ ትገዢዋለሽ ወይ አለኝ። አይ፣ እያሸተትኩ ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። በአሥር ዓመቴ ቆጵሮስ ተራራ ላይ ከጥድ ጥድ እየተሳለምኩ የሄድኩ ሰው መሆኔን በምን ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ከአልጋዬ ነው። ልናገረው፣ ከእንግዲህ ማንን አፍራለሁ። እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ ማታ ማታ ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር። እናቴ ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት ትሠራ ስለነበር ጎሕ ሳይቀድ ነው የምትወጣው፤ ከመውጣቷ በፊት ግን እጇን ብርድ ልብሴ ውስጥ ሰዳ ቼክ ታደርጋለች። ጂፒው፣ የሰፈራችን ሐኪም፣ ስታድግ ይተዋታል አለ። እማዬ "ስታድግ" የሚባል መድኃኒት አላውቅም ብላ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣች። መቼ ብታጠጣኝ ጥሩ ነው? ልተኛ ስል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ! ጧት የሚሆነውን እናንተው ገምቱት። እሷ ግን አንሶላውን እየገፈፈች ጠበሉ ገና እየሠራ ነው ትል ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ጠነከረ። መስከረም ላይ የአንደኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል ልጀምር ነው፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ዌልስ ሄዶ ተራራ ሥር አምስት ሌሊት ያድራል። ጓደኛዬ ከወዲሁ ተደራራቢ አልጋ አለ፣ ከላይ አንቺ ከታች እኔ ብላ መድባናለች። ከላይ እኔ! ምን እንደሚወርድባት አላወቀች። የጉዞው ፈቃድ ፎርም እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት ተፈርሞ መመለስ አለበት። እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ። እስከዚያ ከደረቅሽ እፈርማለሁ፣ ካልደረቅሽ ግን ልጄን ለመሳቂያ አልልክም አለች። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያ ጉዞ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የእናቴ ታናሽ እህት ጥሩወርቅ ቆጵሮስ ነበረች። በኤጀንሲ ሄዳ፣ ባሕር ዳርቻ ካለው ከተማ ሁለት ቤት ተቀጥራ፣ መጨረሻ ላይ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ መንደር አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት የምትንከባከብበት ሥራ አገኘች። በስልክ እዚህ ጠበል አለ ያለችው እሷ ናት። ከቤቱ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው፣ ከገደል አፋፍ ይወርዳል፣ አጠገቡ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጅቱን ላኪልኝ፣ ፍልሰታ ሲገባ ሰባት ቀን አስጠምቃታለሁ አለች። እናቴ ትኬት ለመቁረጥ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ለአንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ አስረከበችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው ፍራሽ ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ ነበር።

ከአየር ማረፊያው መኪናው መጀመሪያ ደረቅ፣ ነጭ ሜዳ ላይ ሄደ። ከዚያ መጠምዘዝ ጀመረ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተደፈነ። በመስኮቱ የሚገባው አየር ቀዘቀዘ፣ ጥድ ጥድ ሸተተኝ፤ ባሕሩ ከታች እንደ ተዘረጋ ላስቲክ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝ አገር ኮረብታ አይቼ አውቃለሁ፣ ተራራ ግን አላየሁም ነበር። አክስቴን እቴቴ፣ አንወድቅም ወይ ስላት የሾፌሩን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ እኔንጃ አለችኝ።

የቤቱ ባለቤት ኤሌኒ ይባላሉ። አክስቴ ግን በአማርኛ ስትጠራቸው ወይዘሮ እሌኒ ነው የምትላቸው፣ እኔም እንደዚያው አልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸው ከኔ መምህር እንግሊዝኛ ይጸዳል። ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ነጭ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ፣ ልጅ ሲያዩ ወዲያው ፈተና የሚያወጡ ሴትዮ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ያልወጡት ጫፍ፣ ያልገቡበት ዋሻ አልነበረም አሉ። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ እኔን ነው የሚልኩኝ። ምንጩ ዘንድ ሄደሽ ውሃው ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚወጣ አይተሽ ነይ። ቀዩ አፈር ጋ ሂጂና የየትኛው እንስሳ ዱካ እንዳለ ንገሪኝ። ፍየል ነው ስላቸው፣ ስንት ጣት አለው ይሉኛል። አልቆጠርኩም ስል ተመልሼ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አውቃለሁ። ለንደን ውስጥ እናቴ ብቻዬን ጥግ ድረስ እንኳን አትልከኝም፣ እዚያ ግን ተራራው የኔ ሆነ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ጫማዬ ቀላ፣ ደስ አለኝ።

ሌሊቱ ግን ያው ነበር። ከአክስቴ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ ታጣፊ አልጋ ላይ። ስነቃ ርሼ እገኛለሁ፣ አክስቴ አንሶላዬን ጠቅልላ ትወጣለች። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ጓሮ ስወጣ ግን ገመዱ ላይ የተሰጣው አንድ አይደለም፣ ሁለት አንሶላ ነው። በማግስቱም ሁለት። በሦስተኛውም። ክው አልኩ። ለንደን አንድ ነበር፣ እዚህ ሁለት አንሶላ ማራስ ጀመርኩ? አየሩ ነው ወይስ ሐብሐቡ? አክስቴን ለመጠየቅ አፍሬ ውሃ መጠጣት ተውኩ። እሷ ደግሞ ከንፈርሽ ደረቀ እያለች ቅባት ትቀባኛለች።

ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ገባ፣ ጠበሉም ተጀመረ። ወይዘሮ እሌኒ ሳይነሱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ባዶ ሆዳችንን እንወጣለን። መንገዱ ጥድ ለጥድ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል እጅ የሚቆርጥ ቀዝቃዛ ጅረት። በየዛፉ ሥር ትንሽ የእንጨት ምሰሶ ተተክሏል፣ ምሰሶው ላይ በግሪክኛ ስም ተጽፏል። አክስቴ ግሪክኛ ማውራት እንጂ ማንበብ አትችልም። የመጀመሪያውን ስታይ ቆመችና ሰው አርፎበታል ብላ አማተበች። እኔም አማተብኩ። ሁለተኛው ጋ ደግሞ እንዲሁ። ነፍስ ይማር እያልን፣ ጎንበስ ቀና እያልን፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በአንድ ሰዓት ጨረስነው። ምን ዓይነት ጦርነት ነው ይህን ሁሉ ሰው የጨረሰው እያልኩ ሳስብ ነበር።

ፏፏቴው ከሁለት ቤት የሚበልጥ ከፍታ አለው። ውሃው በጥቁር ድንጋይ ላይ ይወርድና እታች እስከ ደረቴ የሚደርስ ገንዳ ይሠራል። አክስቴ ጫማዬን አስወለቀችኝ፣ በስመ አብ ብላ ገፋችኝ። እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጩኸቴ እንኳን አልወጣም። ቄስ የለ፣ መስቀል የለ፣ እሷው አባታችን ሆይ ትላለች፣ እኔ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በሁለተኛው ቀን በሁለት ዱላ የሚሄዱ ተጓዦች ደረሱብን። አንዱ መላጣ ሰውዬ ቁምጣውን እንደለበሰ፣ ከነጫማው ዘው ሊል ሲል አክስቴ መንገዱን ዘጋችበት። በግሪክኛ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ጣቷን ግን ወደ ጫማው ቀስራ ነበር። ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። ጓደኞቹም አወለቁ። ስድስት ትልልቅ ፈረንጆች ባዶ እግራቸውን ድንጋይ ላይ ተሰልፈው ጸሎታችን እስኪያልቅ ቆሙ። አክስቴ ስትመለስ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው አለች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ነቃሁና እጄን እታች ሰደድኩ። ደረቅ ነው። በሌላኛው እጄ ነካሁ። ደረቅ! አክስቴ አልጋ ላይ የለችም፣ በባዶ እግሬ ወደ ጓሮ በረርኩ። አፏን በእጇ ሸፍና፣ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ እልል አለች፣ አነሳችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። በትከሻዋ ላይ ሆኜ ሳይ ግን ከኋላዋ ገመዱ ላይ አንድ አንሶላ ውሃ ያንጠባጥባል። የኔ አንሶላ አልጋዬ ላይ ነው። ታዲያ ይሄ የማን ነው አልኳት።

አክስቴ መሬት አወረደችኝ። ዙሪያዋን አየችና የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ማሂዬ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ። የወይዘሮ እሌኒ ነው። እሳቸውም ማታ ማታ ያመልጣቸዋል።"

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። ልጃቸው እታች ባሕር ዳር፣ ሊማሶል ከተማ ነው የሚኖረው፣ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ግን እናቴ ራሷን መቆጣጠር ያቃታት ዕለት ከተማ አወርዳታለሁ፣ መጦሪያ ቤት አስገባታለሁ ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ወይዘሮ እሌኒ ደግሞ ከዚህ ተራራ የሚያወርዱኝ ሬሳዬን ነው ብለዋል። የአክስቴ መኖሪያ ወረቀትም በዚያ ቤት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቤቱ ከተዘጋ ሌላ ቀጣሪ እስክታገኝ ጊዜ አይሰጧትም፣ ወደመጣችበት ነው። ስለዚህ አክስቴ ሰው ሳይነሳ ታጥባለች፣ ፀሐይ ሳይከር ትሰበስባለች። እኔ የዚያን ቀን የተሰማኝን ልናገር? እፎይታ ነው። ያ ሁለተኛው አንሶላ የኔ አይደለም! ስለ ሌላው ነገር ማሰብ የጀመርኩት ቁርሴን ከበላሁ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ቀን አክስቴን ወገቧን ያዛት፣ ፍራሽ ስታገላብጥ ነው። ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሱባኤዬ ሊቋረጥ ነው ብዬ ማልቀስ ስጀምር ወይዘሮ እሌኒ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እኔ እወስዳታለሁ አሉ። አክስቴ ከአልጋዋ ሆና በግሪክኛ ለመነቻቸው፣ አልሰሟትም።

መጀመሪያው ምሰሶ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ አማተብኩ። ምን ሆነሻል አሉኝ። ለሟቹ ነው አልኳቸው። ጽሑፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የሰው ስም አይደለም፣ የዛፉ ስም ነው፤ ለመንገደኛ የተጻፈ ነው። ለስድስት ቀን ነፍስ ይማር ስንል የከረምነው ለጥቁር ጥድ ነበር! እኔ አፈርኩ፣ እሳቸው ግን በየምሰሶው እየቆሙ ስሙን ያስነብቡኝ ጀመር። ይሄ ባሉጥ ነው፣ ቅጠሉን ገልብጪው፣ ከሥሩ ወርቅማ ነው። ይሄ አርዘ ሊባኖስ ነው። አርዘ ሊባኖስን ከቅዳሴ አውቀዋለሁ ስላቸው በጣም ደስ አላቸው፣ ግንዱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። መታጠፊያው ላይ አቁመውኝ በጥዶቹ መሀል ከሩቅ ባሕሩን አሳዩኝ። እዚህ ያላሳረፍኩት ልጅ የለም፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መቼ ነው የምንበላው ነበር አሉኝ።

ከዚያ እልፍ ብለን ቁልቁለቱን ስንጀምር ድንገት ቆሙ። ደከሙ ብዬ ዞርኩ። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ገደሉ ላይ ነው። ግራጫ ቀሚሳቸው ከፊት ለፊቱ እየጠቆረ ሄደ፣ ካልሲያቸው ጠቆረ፣ ጫማቸው አጠገብ ያለው አቧራ ረጠበ። እኔ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ጧት ጧት እናቴ እጇን ስታስገባ የማሳየው ፊት ነው። አንጀቴን በሉት፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እጃቸውን ያዝኩ። ውሃው ቅርብ ነው አልኳቸው። ቀስ እያልን ወረድን፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸውና ጫማቸውን አወለቅኩላቸው፣ እሳቸውም ከነቀሚሳቸው ገንዳው ውስጥ ገቡ። በስመ አብ አልኩ፤ ከአክስቴ የሰማሁት አንድ አልቀረኝም። በእፍኜ ከአናታቸው ላይ አፈሰስኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉኝ። ከዚያ እኔም ገባሁ፣ ሁለታችን ተቃቅፈን ተንቀጠቀጥን። ከጭንቅላት እስከ እግር ውሃ የሆነ ሰው የቱ ጋ ቀድሞ እንደረጠበ ማን ያውቃል። ቤት ስንደርስ አክስቴ ወገቧን ረስታ ተነሳች፣ ወደቁ ብላ ነበር። ወይዘሮ እሌኒ ተጠምቄ ነው አሏት።

በነሐሴ ዘጠኝ የእነሱ ፍልሰታ ተፈታ። እነሱ ከኛ ቀድመው ይጀምራሉ፣ ቀድመውም ይፈታሉ፤ ለኛ ገና አንድ ሳምንት ይቀረናል። ልጃቸው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በዓሉን ሊያከብር ከሊማሶል ወጣ። እኩለ ቀን ላይ እንመጣለን ብለው ነበር፣ በጧት ከች አሉ። ያን ሌሊት ደግሞ ወይዘሮ እሌኒ ሁለት ጊዜ ነው የተቀየረላቸው። እኔ ደርቄ ካደርኩ ስድስተኛ ሌሊቴ ነበር። ማታ ለእናቴ ደውዬ ፎርሙን ፈርሚ እላታለሁ ብዬ ስዘጋጅ፣ ገመዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ነጭ አንሶላዎች ውሃ ያንጠባጥባሉ።

ምሳ ከወይኑ ዳስ ሥር ቀረበ። የፍየል ጥብስ፣ አይብ፣ ቀይ ወይን ለእነሱ፤ ለእኔና ለአክስቴ ምስር። የልጃቸው ትልቁ ልጅ እኩያዬ ነበር፣ ጧቱን ሙሉ ጅረቱ ውስጥ ሸርጣን ስንፈልግ ቆይተናል፣ በጣም ወድጄው ነበር። የልጁ እናት እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄዳ ስትመለስ ለባሏ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠ፣ ወደ ገመዱ አየ፣ ወደ እናቱ አየ፣ ከዚያ አክስቴን በግሪክኛ ጠየቃት። ቃሉን አላወቅኩትም፣ ጥያቄውን ግን አወቅኩት። በበዓል ቀን አንሶላ ማን ያጥባል።

አክስቴ ሳህን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወይዘሮ እሌኒ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ያው ፊት፣ ገደሉን የሚያየው ፊት። ልጃቸው ጥያቄውን ደገመ፤ አሁን የሚያየው እሳቸውን ብቻ ነው። ልጁ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ላይ የወይን ፍሬ ጭማቂ አለ። ባልናገርስ? ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም።

"የኔ ናቸው" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ማታ ማታ አልጋ ላይ እሸናለሁ። ሁለቱም የኔ ናቸው።"

ከዚያ ልጁ ሳቀ። ለታናሽ እህቱ በግሪክኛ ነገራት፣ እሷም ሳቀች፣ በጣቷም ጠቆመችኝ። እናታቸው ክንዱን መታ አደረገችው። ሰውዬው ደነገጠ፤ ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አላወቅኩም፣ እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ነበርኩ እያለ ጠጉሬን ዳበሰኝ። እኔ ጆሮዬ እየነደደ ምስሬን ማየት ጀመርኩ። ስድስት ደረቅ ሌሊቶቼ! ለእናቴ እንኳን ሳልናገራቸው ሄዱ። ልጁን ጠላሁት፣ ያን ቀን ቤቱን ሁሉ ጠላሁት፣ እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ጠብ አለ።

ወይዘሮ እሌኒ ሹካቸው ላይ የነበረውን ሥጋ መልሰው አስቀመጡ። ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ልጃቸው ገፉት። ለአክስቴ አንድ ቃል ተናገሩ፣ እሷም ሮጣ ምስር ጨልፋ አመጣችላቸው። ልጃቸው እናቴ፣ ጾሙ እኮ ዛሬ ተፈታ አላቸው። እሳቸው እየበሉ ቀና ሳይሉ መለሱለት። አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቴን ይዛ፣ በአማርኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

"የእሷ ገና አልተፈታም፣ ከእሷ ጋር ነው የምፈታው አሉ።"

እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት ድረስ ሥጋ አልቀመሱም።